አባቴ የሰጣቸው ወንበሮች

ዶሃ ውስጥ ሥራዬ ወንበር መጠበቅ ነው። ለሰው «ሴኩሪቲ ነኝ» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው። የምጠብቀው ስታዲየም ዓለም በሙሉ ያየው ትልቁ ውድድር ሲመጣ የተሠራ ነው። ውድድሩ አልፎ እንግዳው ወደየሀገሩ ሲበተን ሜዳው ለአንድ ክለብ ተሰጠ። ክለቡም ስመ ጥር ተጫዋቾች ከባሕር ማዶ አስመጣ። ተጫዋቹ መጣ፣ አሠልጣኙ መጣ፣ ሐኪሙ ሳይቀር መጣ። ያልመጣው ተመልካቹ ነው።

በጀመርኩ ሰሞን ከሁሉ የሚያናድደኝ አየሩ ነበር። ከወንበሮቹ ሥር ቀዝቃዛ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጨዋታ ባለ ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈታሉ። እኔ ውጭ በር ላይ ቆሜ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ውስጥ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ይህን ለክፍል ጓደኛዬ ስነግረው «ታዲያ ለምን በወንበርነት አትቀጠርም?» አለኝ። እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ከእኔ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የተወለደ፣ መልስ የማያጣ።

ሁሉንም የከፈለው መንግሥት ነው። ሀብታም ስለሆነ ማንንም አልለመነም፣ የማንንም በር አላንኳኳም፤ ሠራ፣ ጨረሰ። ይህን የምጽፈው በቅናት ነው። የምቀናው ግን ለራሴ አይደለም፤ ለአባቴ ነው።

አባቴ መምህር ነበር። ሰሜን ውስጥ ባለች መካከለኛ ከተማ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ከሃይማኖቱ ቀጥሎ የሚያምንበት ነገር ቢኖር ኳስ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በከተማችን ስታዲየም ይሠራ ተባለ። ሹሞቹ ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው ተናገሩ። ስታዲየም ካለን በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ክለብ ሜዳዬ ብሎ ይመጣል፤ ክለብ ሲመጣ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ሆቴሉም ባጃጁም ሱቁም ይጠግባል። ግማሹን መንግሥት ይችላል፣ ግማሹን ሕዝቡ ያዋጣል። የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆራረጠ ይስጥ ተባለና እጅ እንዲወጣ ተጠየቀ። እጅ ያላወጣ አልነበረም፤ አለማውጣት የሚያመጣውን ሁሉም ያውቃል። አባቴ ግን ከልቡ ነበር ያወጣው።

ከነጋዴውና ከነዋሪው የሚሰበስብ ኮሚቴ በየቀበሌው ሲቋቋም የእኛ ሰፈር አባቴን መረጠ። ያላስተማረው ልጅ ያለበት ቤት ስላልነበረ፣ መምህር አንኳኩቶ በሩን የሚዘጋበት አይኖርም ብለው ነው። ልክ ነበሩ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ሲለምን ደስ ይለው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለ ይገባል፣ ቡና ጠጣ ሲሉት ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል ብሎ ይወጣል።

ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነበር። ለሰጠው ሰው ሁሉ ወንበር ይሰጥ ነበር። ይህን ማንም አላዘዘውም። በተማሪነቱ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ አይቷልና ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ የሚባሉትን የመቀመጫ ስሞች ከዚያ ይዞ መጥቷል። ደብተሩ መካከል ላይ በእርሳስ ሞላላ ሜዳ ሥሎ ዙሪያውን በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎታል። ሰውየው ሲሰጥ አባቴ ደብተሩን ገልጦ «እርስዎ እዚህ ነዎት፤ ከመሐል መስመሩ ትይዩ» ይልና ስሙን ሳጥኑ ውስጥ ይጽፋል። ሰዉ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ ቦታውን ያያል። ባለወፍጮው ከጎኑ የተጻፈውን ሰው ስም ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ፤ በመሬት ወሰን የተጣሉ ናቸው። አባቴም ላጲሱን አውጥቶ አለያያቸው።

ጠላ የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበረች። ገንዘብ የለኝም ብላ እግሯ የታሰረ ዶሮ አመጣች። አባቴ «ይቅርብዎት እናቴ» ሲላት ተቆጣች። «ከሰው ለይተህ ልታስቀረኝ ነው?» አለችው። ዐይኗ ፀሐይ አይችልም ነበርና ጥላ ፎቅ ላይ ጻፋት። ለራሱ ሚስማር ተራን ያዘ፣ ፀሐዩ ላይ፤ ለእኔም ከጎኑ። እናቴ ያንን አይታ «ለሰው ጥላ ስታድል ልጄን ፀሐይ ላይ ጣልከው» ብላ ስቃበታለች። ነፍሷን ይማረው።

መሠረቱ ተቆፈረ። በአንድ ወገን ደረጃው ተሠራ፣ ከደረጃው በላይ ብረቶች ቆሙ። ከዚያ ሥራ ተቋራጩ ገንዘብ አልተለቀቀልኝም አለና መሣሪያዎቹን ጭኖ ሄደ። አዳራሽ ውስጥ የተናገረው ሹም ተዛወረ። በቦታው የመጣው ደግሞ እኔ የጀመርኩት አይደለም አለ። ብረቱ ዛገ። ነገሩ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ሹሞቹን ማንም አልጠየቃቸውም፤ የት ተገኝተው! አባቴን ግን ሰዉ በየቀኑ ያገኘዋል። «መምህር፣ ወንበሬስ?» ይሉታል። መጀመሪያ በሳቅ ነበር፣ አባቴም ይስቅ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲወልድ ሳቁ ቀነሰ፣ ጥያቄው ግን አልቀነሰም። ባለወፍጮው የሞተ ጊዜ ከቀብር ስንመለስ አንዱ «ወንበሩን ሳያያት ሄደ» አለ። ብዙ ሰው ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ሳቅ አይጠፋም። አባቴ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋናው መንገድ መሄዱን ተወ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በወንዙ በኩል ዞሮ ነበር ቤቱ የሚገባው። እኔ ልጁ ሆኜ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ አሁን ይቆጨኛል።

እናቴ ሞተች፣ እሱ ጡረታ ወጣ፣ እኔ ወደዚህ መጣሁ። ከዚያ ግራ ጎኑን መታው። እህቴ አዲስ አበባ ወስዳ ቤቷ አስተኛችው። አንዳንድ ቀን ሁሉን ያውቃል፤ አንዳንድ ቀን እኔ አገር መልቀቄን እንኳን ይረሳል። አንድ ነገር ግን አይረሳም። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስታዲየሙ አለቀ?» ብሎ ነው።

እህቴ ደውላ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። ብዙ አይቆይም ብሏታል። «አገሬ፣ አገሬ ይላል» አለችኝ። «እናታችን አጠገብ ማረፍ ነው የሚፈልገው። ተነስ እንሂድ ስለው ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስታዲየሙ ሳያልቅ በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ ይላል። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሞተብኝ ዕድሜ ልኬን አይወጣልኝም።»

በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። ሣር የሚያጠጡት ሰዎች ጨርሰው ወጥተዋል። ሜዳው አረንጓዴ፣ ወንበሩ ንጹሕ፣ ጣሪያው ነጭ። ስልኬን አውጥቼ በቪዲዮ ደወልኩ። ስደውል ምን እንደምል አውቅ የነበረ አይመስለኝም። እህቴ ስልኩን ፊቱ ላይ ያዘችለት፤ ትራስ ተደግፎ ዐይኑን አጥብቦ አየ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ስታዲየሙ ነው አባዬ። አለቀ።»

«አንተ የት ሆነህ ነው?»

«ሜዳው ውስጥ» አልኩት። ይቺ እንኳን ውሸት አልነበረችም።

ጥላ ፎቅ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ሚስማር ተራን ጠየቀኝ። እዚህ ጣሪያው ዙሪያውን ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው ወንበር አጥቼ ዝም ብዬ ተቃራኒውን ደረጃ አሳየሁት። አባቴ ጣሪያውን አየና አፉ ተከፈተ። «ለሁሉም ጥላ አደረጉለት?» አለ። «እኔ ለሰባት ለስምንት ሽማግሌ ብቻ ነበር የጻፍኩት እኮ!» አለና አለቀሰ። ደግሞ ዕንባውን በደህናው እጁ ጠርጎ፣ ጨዋታ ያለ ቀን አሳየኝ አለኝ። ሰዉ ተቀምጦ ልየው፣ ከዚያ እሄዳለሁ አለ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት እህቴ ወደ ጓዳ ገብታ «እግዜር ይቅር ይበለን፤ ዛሬ ግን ገንፎውን ጨረሰ» አለችኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ስታዲየሙ ባዶ እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ያን ሳምንት አንድ ዝነኛ አጥቂ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰለፍበት ጨዋታ ነበር። ፎቶው በየሕንፃው ተሰቅሏል። ዛሬስ ይመጣሉ ብዬ ለእህቴ ሰዓቱን ነገርኳት። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ቤተሰብ መጣ። ጥቂት ወጣቶች ከበሮ ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ውስጥ ገብቼ ሳይ ከበሮው ብቻውን ይጮኻል። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ።

ባላነሳው ኖሮ። ጊዜ የለኝም፣ ሥራ ላይ ነኝ ብል ኖሮ። አነሳሁት። ካሜራውን ከበሮ በያዙት ልጆች ላይ ብቻ ላቆም ሞከርኩ፤ አባቴ ግን መምህር ነው፣ ክፍሉን በሙሉ ካላየ አያምንም። «ዙር፤ ወዲያ ዙር» አለኝ። ዞርኩ። ደረጃው ሁሉ ወንበር ብቻ ነው።

«ባለዶሮዋም አልመጣችም?» አለ።

ባለዶሮዋ ከሞተች ቆይታለች። ይህን ልነግረው አልቻልኩም። «ትመጣለች አባዬ፣ ገና ነው» አልኩት።

«ተቀይመውኛል» አለ። «ሠርተው ጨርሰው፣ በእኔ ምክንያት ቀሩ።»

ያን ጊዜ ይህ የሰው አገር ነው፣ እኔ ዶሃ ነኝ፣ የእኛው ዛገ እንጂ አላለቀም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሱፐርቫይዘሩ ስልክ ይዤ ስላገኘኝ እየጮኸ መጣ፤ ስልኩን ዘጋሁት፤ ሱፐርቫይዘሩ የዚያን ቀን ያተረፈኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሳይቆይ እህቴ ደወለች። አባቴ መብላት ትቷል። ስታዲየሙን መጠየቁንም ትቷል። ድሮ ስላላለቀ ነበር የሚያፍረው፤ አሁን ባለቀበት፣ ሕዝቡ ዐይኑን ላለማየት የቀረበት ሰው አደረግኩት።

ለክፍል ጓደኛዬ ሁሉን ነገርኩት። አል ነስር ሰፈር ባለችው ክፍላችን አልጋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያወለቀ ሰማኝ። እንደ ልማዱ ይቀልድብኛል ብዬ ነበር።

«አባትህ የሚፈልጉት ሰው ነው አይደል?» አለኝ። «የእኔስ ሹግል፣ ሥራዬ፣ ምንድን ነው? ሰው ማምጣት።»

እውነቱን ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን በደንብ የሚታይ ሲሆን፣ አስተባባሪ ነን የሚሉ ሰዎች ሠራተኞችን ከየካምፑ በአውቶቡስ አስጭነው በካሜራው ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ። ሻርፕ አንገታቸው ላይ ይደረጋል፣ በካርቶን ምግብ ይሰጣቸዋል፣ አጨብጭቡ ሲባሉ ያጨበጭባሉ። እኔ በር ላይ ሆኜ ሲገቡ ሳያቸው ለቅሶ ቤት የተቀጠረ አስለቃሽ ይመስሉኝ ነበር፤ እንቃቸውም ነበር። ጓደኛዬ ከእነዚያ አውቶቡሶች አንዱን ይነዳል። የሚመጣው ዓርብ ጨዋታ እንደዚያው ነው አለኝ። «ለእኔ ወንበሩን ሙላ እንጂ በማን ሙላ ያለኝ የለም። የራሳችንን ሰዎች አምጣልኝ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ዓርብ አቡ ሃሙር ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አለ። ቅዳሴው ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ቆሜ ለሚያውቁኝ ወንዶች ነገሩን መንገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ «ሰውዬ፣ አባትህን በስንት ቲኬት ነው የምታታልላቸው?» አለኝ። አንድ ሽበታም ሾፌር ነበር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። እሱ አልሳቀም።

«የእኔም ደመወዝ ተቆርጧል» አለ። «የእኛ ከተማ አጥሩ ብቻ ነው ያለቀው።»

«የእኛ መሠረቱ» አለ ሌላው።

«የእኛ እንኳ ከዓመት በፊት ሊመረቅ ነበር» አለ ሦስተኛው፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ዘ ፐርል በሚባለው የሀብታም ሰፈር ፎቆች ውስጥ የሚያጸዱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ በዚያ ያልፉ ነበርና ቆመው ሰሙ። አንዷ ማዳሟ እስከ ማታ እንደፈቀደችላት ነግራ «ለአባት ከሆነ ያላ፣ እንሂድ» አለች።

አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። ከሌሎቹ አውቶቡሶች የወረዱት ሠራተኞች፣ ቋንቋቸውን የማናውቀው፣ ዙሪያውን ተቀመጡ። የኛዎቹ ከመካከል ሆኑ። ያን ቀን ያ የምንቀው ደረጃ በሰው ሲሞላ እኔ በሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ሌላው በር እስኪሄድ ጠብቄ ደወልኩ።

አባቴ መጀመሪያ አላመነም። ስልኩን እያቀረበች እያራቀች እህቴ አሳየችው። ኳስ አግዳሚውን መትታ ስትመለስ ሰዉ ሁሉ ጮኸ፤ ያ ጩኸት የታዘዘ አልነበረም። «መጡ» አለ አባቴ። «መጡ እኮ! ያቻት ባለዶሮዋ፣ ነጠላዋን ለብሳ!» ከፐርል ከመጡት አንዷን አይቶ ነው። እኔ እንደተነጋገርነው እጄን አውለብልቤ ምልክት ስሰጥ ጋሼ ተነሣ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው ተነሡ፤ ወደ ስልኬ ፊታቸውን አዙረው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ከጎናቸው ያሉት የሌላ አገር ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ተነሡ።

አባቴ የሚሠራውን እጁን አነሣ። ታላቅ ሰው ሲነሡለት እንደሚለው ተጨንቆ «ኧረ በእግዜር ተቀመጡ! ተቀመጡ በላቸው!» አለኝ።

«ተቀመጡ ብሏል!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የአባቴን ፊት ያን ቀን እንደነበረው ሆኖ ከእናቴ ሞት ወዲህ አላየሁትም።

በሳምንቱ አባቴ ወደ ከተማችን ለመሄድ ተነሣ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ብልጠት ያለቀው። ስታዲየሙ የከተማው መግቢያ ላይ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል በኋለኛው መንገድ አስገቡት ብዬ እህቴን ለመንኳት፤ እሷም ባሏም ተስማምተው ነበር። አባቴ ግን ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ከተማው ሲደርሱ «በስታዲየሙ በኩል» አለ። እህቴ ምክንያት ስትፈልግለት ዘወር ብሎ አያት። እሷ ደግሞ ለዚያ ዐይን እምቢ ማለት አትችልም።

ደረሱ። ብረቱ እንደዛገ ቆሟል። ደረጃው ሥር ሳር በቅሏል። እህቴ እንደነገረችኝ አባቴ ከመኪናው አውርዱኝ አለ፤ ደግፈው ደረጃው ላይ አስቀመጡት። የዛገውን ብረት ሲያይ ቆየ። ራሱን የሳተ መስሏት ነበር። እሱ ግን በሕመሙ ጊዜ ከነበረው ሁሉ በላይ ያን ቀን አእምሮው ጥርት ያለ ነበር። «ደውይለት» አላት።

አነሳሁት። ፊቱን ሳየው ከኋላው ያሉትን ብረቶች አወቅኳቸው።

«ያ የት ነበር?» አለኝ።

«ዶሃ ነው አባዬ።»

«ሰዎቹስ?»

«ሠራተኞች ናቸው። ከመካከል የተቀመጡት የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ ለአንተ ብለው ነው የመጡት።»

«ወንበሩ የእነሱ ነው?»

«አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ በአውቶቡስ መለስናቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ የሌለ ወንበር ሰጠሁ» አለኝ። «አንተ ደግሞ የሰው ወንበር ሰጠኸኝ። ከእኔ ነው የተማርከው ልጄ። ሰዎቹን አመስግንልኝ።»

ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች። ስልኩን ለእህቴ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ካለው የማውቀው ጥቂት ነው። በራሱ ቤት፣ በራሱ አልጋ ተኛ። የሰፈር ሰው ሊጠይቀው ይመጣ እንደሆነ እህቴን ስጠይቃት «ይመጣሉ፣ ይመጣሉ» ትለኛለች። ስንት ሰው እንደሆነ አትናገርም። እኔም እንደ ልጅነቴ አጥብቄ አልጠየቅኩም። የዓመት ፈቃዴን ቶሎ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ፤ የዓመቱ የሊግ ውድድር ካላለቀ አይሆንም ተባልኩ። ባዶ ወንበር ለመጠበቅ ሰው አይተርፈንም አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ ክፍላችን በር ላይ ጫማ ተደርድሮ አየሁ። የኛ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ሰው አይኖርም። ሰው አገር የመርዶ ወጉ ይሄ ነው፤ ዘመድ ለወዳጅ ይደውላል፣ ወዳጅ ሰው ሰብስቦ ይመጣል፣ ሰውየው ቁርሱን ሳይበላ ይነገረዋል። ጫማዎቹን ሳይ ገባኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ እነዚያው ናቸው፤ ያን ዓርብ ደረጃው ላይ የነበሩት። ሁሉም ቆመዋል። ጋሼ ወደ ፊት መጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«ያን ቀን ተቀመጡ ያሉን አባት አርፈዋል» አለኝ።

ስንት ሰዓት እንዳለቀስኩ አላውቅም። ድምፄ ሲመለስ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቀብሩ ላይ ሰው መጣ?»

«መጣ እንጂ!» አለ ጋሼ። «ከተማው በሙሉ ነው የወጣው። ከእናትህ አጠገብ ነው ያሳረፏቸው።»

መርዶ ነጋሪ ሌላ ምን ይላል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው፤ ብዬም አውቃለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እህትህ ቪዲዮ ልካለች» አለኝ በቀስታ። «ላሳይህ?»

ስልኩን አየሁት። ገና አልከፈተውም። «አይ፣ ይቅር» አልኩት። መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቀና ስል ሰዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በሩ ላይ ተጨናንቀው፣ አንዳንዱ ከማታ ሥራ የመጣ ነው፣ ዐይኑ ቀልቷል።

«ኧረ በእግዜር ተቀመጡ» አልኳቸው።

ክፍላችን ውስጥ ወንበር የለም። መሬት ላይ ተቀመጡ።